ለሚኒስትሩ እጅ የነሳሁ ዕለት

አራተኛ ወር፣ 9

ሴናተሯ ዛሬ መጡ። በትልቅ መኪና ይመጣሉ ብዬ ጎረቤታችን ግቢውን እንዲለቅልን ለምኜ ነበር። በባቡር መጡ። ከጣቢያው እስከ ቤታችን በእግራቸው፤ ጸሐፊያቸው ሚናጋዋ የምትባል ወጣት ሁለት ቦርሳ ተሸክማ ከኋላ ከኋላቸው።

ስማቸው ኦሪሃራ ሚትሱዮ ነው። ከእኛ ክፍለ ሀገር ለላይኛው ምክር ቤት የተመረጡት እሳቸው ናቸው። ድሮ በተራራው መንደሮች እየዞሩ የሚሠሩ ነርስ ነበሩ ይባላል። እጃቸውን ሳየው አመንኩ። ኮታቸው ላይ ያለችው የምክር ቤቱ ዓርማ ባትኖር ገበያ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

መጀመሪያ የልጄ የሺዮሪ ፎቶ ፊት ተንበረከኩ። እጃቸውን አጋጥመው ብዙ ቆዩ። የሚመጣው ሰው አብዛኛው እኔን በጎን እያየ ነው የሚጸልየው። እሳቸው እሷን አዩ። ከፎቶው ፊት ያስቀመጥኩትን ወተት አይተው፣ "እንጆሪ ያለበት ነው?" አሉኝ። ነው አልኳቸው። ከዚያ ሻዩ ይቆይ፣ ቦታውን ያሳዩኝ አሉ።

ቦታው ቅርብ ነው። ሁለት የሩዝ ማሳ አልፎ፣ ሐዲዱ መሐል እንጨት የተነጠፈበት ጠባብ ማቋረጫ አለ። ደወል የለውም። የሚወርድ አግዳሚም የለውም። ሺዮሪ ባለፈው ዓመት በአሥራ አንደኛው ወር ከሂሳብ መቁጠሪያ ትምህርት በብስክሌት ስትመለስ እዚያ ሞተች። አሥር ዓመቷ ነበር። ነፋስ ስለነበር የጃኬቷን ቆብ አጥልቃ ነበር።

ሴናተሯ በዚያ ጥቁር ልብሳቸው ጭቃው ላይ በጉልበታቸው ወረዱ። ሚናጋዋ ደንግጣ መሐረብ ልታነጥፍ ስትል በእጃቸው ከለከሏት። "ቁመቷ እዚህ ድረስ ነበር?" አሉኝ። ትንሽ ከፍ ይበሉ አልኳቸው። ከፍ አሉ። ከዚያ ሆነው ወደ ኩርባው አዩና፣ ከዚህ ባቡሩ አይታይም፣ ቀርከሃው ጋርዶታል አሉ። ማን ነው የሚያጭደው ብለው ጠየቁኝ። የባቡር ድርጅቱ የመንደሩ ሥራ ነው ይላል፣ መንደሩ የድርጅቱ ነው ይላል አልኳቸው። ሚናጋዋ ይህን ጻፈችው።

እዚያው እያለን ጋሽ ካማታ የእጅ ጋሪውን እየገፋ መጣ። የመንደሩ ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ማሳውም የሚስቱ መቃብርም ከሐዲዱ ማዶ ነው። ማን እንደሆኑ እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ፣ መንገዴን ሊዘጉ ነው የመጡት አላቸው። ሴናተሯ ከጭቃው ሳይነሱ፣ መዝጋት ብቻ አይደለም፣ ደወልና አግዳሚ ማቆምም አለ አሉት።

"እሱን ቆሞ ሳየው አምናለሁ። በዚህ ጉልበቴ በድልድዩ ዞረህ ሚስትህን ጠይቅ ከምትሉኝ፣ አጠገቧ አንጥፉልኝና እዚያው ልቅር።"

ሴናተሯ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሲሄዱ የሚያደርጉትን ነገሩኝ። መንግሥት የባቡር ሕጉን ለማሻሻል ረቂቅ አቅርቧል። እዚያ ላይ አንድ አንቀጽ ያስገባሉ። ደወልና አግዳሚ የሌለው ማቋረጫ ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ወይ ይሠራለታል ወይ ይዘጋል። ምክር ሳይሆን ግዴታ።

ሚናጋዋ የሚያስታውሱትን ሁሉ በየጊዜው ይጻፉልን አለችኝ። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ጽሕፈቴም ዘገምተኛ ነው። ይህን ለመጻፍ እራቱ ቀዝቅዟል።

አራተኛ ወር፣ 20

ሥራ። ራዲሽ በጨው የምንዘፈዝፍበት ፋብሪካ ውስጥ ዛሬ ጨው አብዝተሻል ብለው ተቆጡኝ። እውነት ነው፣ ሁለቴ ነው የጨመርኩት። አብራኝ ራዲሽ የምታጥበው ሂሳኤ፣ "የሴናተር ወዳጅ ሆነሽ እጅሽ ከበደ" አለችኝ። ቀልድ ነው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

ደወል ይቆማል። ሌላ ነገር አልፈልግም። ደወል ይቆምና እዚያ የሚያልፍ ሕፃን ይስማው።

አምስተኛ ወር፣ 14፣ ባቡር ውስጥ

ከቶኪዮ እየተመለስኩ ነው። እጄ ከባቡሩ ጋር ይንቀጠቀጣል።

ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ክፍል ከኋላ ለተመልካች ወንበር አለ። የሺዮሪን ፎቶ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጨርቁን እንዳልፈታው ለመነኝ። ያለ ፈቃድ የሟች ፎቶ ክፍሉ ውስጥ አይገለጥም። በጣም አዝናለሁ፣ በጣም አዝናለሁ ይላል፤ እሱም አባት ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ሺዮሪ ጉልበቴ ላይ ፊቷን ተሸፍና ተቀመጠች።

ሴናተሯ ተነሡ። እዚያ ሲቆሙ ሌላ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"ክቡር ሚኒስትር፣ ያንን ቀርከሃ የማጨድ ኃላፊነት የማን ነው?"

ሚኒስትሩ ወደ ኋላ ዞር አሉ። አንድ ሠራተኛ ወረቀት ሰጣቸው። የሚመለከታቸው አካላት ተነጋግረው የሚወስኑት ጉዳይ ነው ብለው አነበቡ።

"ሃያ ዓመት ተነጋግረዋል። እነሱ እስኪስማሙ ቀርከሃው አደገ።"

ከወንበሮቹ መሐል አንዱ፣ ማጭድ ይዘሽ ሂጂ ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ሳቁ። ሴናተሯ ወደ ሰውዬው ዞር እንኳ ሳይሉ፣ "ይዤ ሄጄ ነበር። ከሐዲዱ ክልል ገብቶ ማጨድ በሕግ ያስቀጣል ተባልኩ። እንግዲህ እዚህ አገር ቀርከሃው ከልጅ የተሻለ ጥበቃ አለው ማለት ነው" አሉ። ከዚያ የልጄን ስም ጠሩ፤ ሱጌኖ ሺዮሪ ብለው። ስሟን እንደዚያ ሙሉ አድርጎ የጠራት ከትምህርት ቤት ውጭ ማንም የለም።

ሲያልቅ ኮሪደሩ ላይ ሚናጋዋ ውኃ አመጣችልኝ። ጥያቄዎቹ ትናንት አስቀድመው ለሚኒስቴሩ ተልከው እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው አለች፤ ሠራተኞቹ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሲጽፉ ያድራሉ። መልሱን አስቀድሞ ካዘጋጁት ለምን ይጠየቃሉ አልኳት። "ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ነው። በአፍ ያሉትን ይረሱታል፤ የሰፈረውን ግን መካድ ይከብዳቸዋል" አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ነው የምመለሰው። ይህን ልሰርዝ ነበር። ይቆይ።

አምስተኛ ወር፣ 25

ገላዬን እየታጠብኩ ስልክ ጮኸ። የሺዮሪ አባት አነሳው። ስወጣ ገና እያወራ ነበር። ግድግዳው ጋ ቆሞ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እጅ እየነሳ ነው የሚያወራው። ማን ነው ስለው ከሥራ ቦታ ነው አለኝ። የእርሻ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ አብረውት ለሚሠሩት እጅ ሲነሳ አይቼው አላውቅም።

ከልጅቷ ቀብር ወዲህ ብዙ አያወራም። እኔም ብዙ አልጠይቀውም።

ነገ ልብስ መተኮስ። ከነገ ወዲያ ቶኪዮ፤ ኮሚቴው ድምፅ ይሰጣል።

አምስተኛ ወር፣ 27

ሁሉንም በተራ ልጻፈው። ካልጻፍኩት አልተኛም።

ያው ክፍል። ያው ጥበቃ፣ ያው ይቅርታ። ሺዮሪ በጨርቋ ውስጥ ጉልበቴ ላይ። ሚናጋዋ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ደህና መጡ ከማለት በቀር አልተናገረችም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ፈጠን ፈጠን እያሉ ያነባሉ። መሐል ላይ፣ የቀረበው የማሻሻያ ሐሳብ በአቅራቢዋ ጥያቄ ወጥቷል አሉ። አልገባኝም። ወደ ሚናጋዋ ዞርኩ። ጫማዋን ታያለች።

ረቂቁ ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ አለፈ። ከዚያ ሴናተሯ ተነሥተው አንድ ወረቀት አነበቡ። ከሕጉ ጋር ተያይዞ የሚነበብ ውሳኔ ነው ይባላል። ሕግ አይደለም፣ ማንንም አያስገድድም። መንግሥት ደወልና አግዳሚ የሌላቸውን ማቋረጫዎች ደኅንነት ለማሻሻል ተገቢውን ጥረት ያድርግ ይላል። አምስት ዓመት የሚል የለበትም። ግዴታ የሚልም የለበትም። እሳቸው ናቸው ያነበቡት፤ በራሳቸው አፍ። ሁሉም ደገፉት። ማንንም የማይነካ ነገር ማን ይቃወማል።

ከዚያ ሚኒስትሩ ተነሡ። የውሳኔውን መንፈስ በሚገባ አክብረን እንሠራለን አሉ። ወደ እኛ ወንበር ዞረው እጅ ነሱ።

እኔም እጅ ነሳሁ።

አስቤ አይደለም። ጀርባዬ ራሱ ታጠፈ። ግንባሬ የሺዮሪን ፎቶ ፍሬም እስኪነካ ድረስ ጎነበስኩ። ከጎን የካሜራ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ሚኒስትሩ ተቀምጠው ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ያወሩ ነበር።

ሰው እጅ ሲነሳን እጅ እንነሳለን። ለፖስታ አመላላሹ፣ ለባንክ ገንዘብ ያዥዋ፣ በስልክ ለማናየው ሰው ሁሉ። ሺዮሪ የሞተች ዕለት ለመጡት ፖሊሶች እጅ ነስቻለሁ። አስቸገርናችሁ ብያለሁ። ከባቡር ድርጅቱ ለመጣው ሰው ደግሞ ባቡሩ በእኛ ምክንያት ስለዘገየ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሱም ተቀበለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ሴናተሯ ወደ እኔ ሲመጡ አየኋቸው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ሲሄዱ ወጣሁ።

አምስተኛ ወር፣ 30

ጋዜጣው ላይ አለሁ። ጎንብሼ፣ ፊቴ አይታይም። ከሥሩ፣ ልጇን ያጣች እናት ለሚኒስትሩ ቃል ምስጋናዋን ስትገልጽ ይላል።

ሂሳኤ ቆርጣ ሥራ ቦታ ለጥፋዋለች። "ፀጉርሽ እንዴት አምሮበታል" አለችኝ። ክፋት የላትም። ለዚህ ነው የሚብሰው።

ጋዜጣ የሚያመጣውን ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አታምጣ አልኩት።

ስድስተኛ ወር፣ 2

ጋሽ ካማታ ሜሎን ይዞ መጣ። በራሱ የፕላስቲክ ቤት ያበቀለው ነው። በር ላይ ቆሞ፣ "እንግዲህ ነገሩ በሰላም አለቀ። ትልቅ ልብ አለሽ" አለኝ። ምን አለቀ አልኩት። "እጅ ነስተሽ የለም? አገሩ ሁሉ አይቶሻል እኮ። ከዚህ በኋላ ማን ምን ይላል?"

ሜሎኑን ሺዮሪ ፊት አስቀመጥኩት። ትወድ ነበር። እኔ አልቀመስኩም።

ስድስተኛ ወር፣ 4

ከከተማው አስተዳደር ደወሉ። ስለ ማቋረጫው በዚህ ወር የተጠራው የመንደሩ ስብሰባ ለጊዜው ቀርቷል። የቤተሰቡ ስሜት ስለተረጋጋ መቸኮል አያስፈልግም ተብሎ ነው። ማን ነው የተረጋጋው አልኩት። የደወለው ልጅ ደነገጠ፣ ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝ። ጋዜጣው ላይ፣ አለ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ። ስልኩን ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንገቴ ዝቅ ሲል ያዝኩት።

ስድስተኛ ወር፣ 5

ሴናተሯ ጋ ደወልኩ። ራሳቸው አነሱት። አንቀጹን ለምን አወጡት አልኳቸው።

ገለጹልኝ። የምክር ቤቱ ጊዜ ሊያልቅ ነው። አንቀጹ ካለ የመንግሥት ወገን ረቂቁን ጠቅላላ ያስቀረዋል፤ ረቂቁ ላይ ሌሎች ጠቃሚ ነገሮች አሉ። ከምንም ይሻላል ብለው፣ ውሳኔውን አስነብበው የሚኒስትሩን ቃል ማስመዝገብ መረጡ። በሚቀጥለው ጉባኤ ያንን ቃል ይዘው እንደገና ይጠይቃሉ። በሚቀጥለው ወር ምርጫ አለ፤ ተመልሰው ከተመረጡ ማለት ነው።

እኔን ሳይጠይቁ አልኳቸው።

እሳቸውም፣ "ቤትዎ ደውዬ ነበር፣ ወይዘሮ ሱጌኖ። 'ውሳኔውን ለእርስዎ ትተነዋል' ተብዬ ነው" አሉ።

ሩዙ እየፈላ ነበር። ክዳኑን ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። ማን እንዳላቸው አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። እኔ ያልኩት ሌላ ነው። ያ እጅ መንሳት ምስጋና እንዳልነበረ ይናገሩልኝ አልኳቸው፤ ሁሉም በሚሰበሰቡበት፣ እዚያው። የጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ በዚህ ወር በዘጠነኛው ቀን ነው፣ የድጋፍ ንግግሩን ለፓርቲዬ አስቀድሜ ሰጥቻለሁ፣ ከዚያ መውጣት ቀላል አይደለም አሉኝ። ለእርስዎ ምን ቀላል አይደለም አልኩ። ለእርስዎ ምን ከበደዎት። ዘጋሁት።

ከአሁን በኋላ አንቱ ልላት አልችልም።

የሺዮሪ አባት ሲመጣ ስለ ስልኩ አላነሳሁበትም። ሩዙ አርሮ ነበር። እስከ መጨረሻው በላው።

ስድስተኛ ወር፣ 9

ሥራ። ራዲሽ፣ ጨው፣ ድንጋይ መጫን።

ስልክ ደጋግሞ ጮኸ፤ የቶኪዮ ቁጥር ነው። አላነሳሁም። ይጩህ።

ስድስተኛ ወር፣ 27

የዝናቡ ወቅት ነው። ማቋረጫው ላይ አዲስ ምልክት ተከሉ። ከድሮው ይተልቃል። ቁም፣ አዳምጥ፣ ተመልከት ይላል። ተገቢው ጥረት ይህ ነው።

የምርጫ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። የኦሪሃራም አለ። የሌሎቹ ላይ የፓርቲያቸው ስም በትልቁ አለ፣ የእሷ ላይ ግን የለም፤ ስሟ ብቻ ነው። አፍራ ይሆናል አልኩ በልቤ። ፎቶው ላይ ከስታለች።

ሰባተኛ ወር፣ 3

የቅስቀሳ መኪናዋ በሰፈራችን አለፈ። ሌሎቹ ነጭ ጓንት ያደረጉ ልጃገረዶች ይዘው ነው የሚዞሩት። እሷ ሚናጋዋ እየነዳችላት ራሷ ማይክ ይዛ ነበር። ድምፅዋ ዘግቷል። ቤታችን ፊት ሲደርስ መኪናው ቀስ አለ። ማይኩን ዝቅ አደረገችው። ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ አየኋት። ወደ መስኮቱ እጅ ነሳች።

የውጩን መዝጊያ ጎትቼ ዘጋሁት። ከንፈሬን ነክሼ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ።

ሰባተኛ ወር፣ 10፣ እሑድ

ድምፅ መስጫው የሺዮሪ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከመግቢያው ጫማ ማስቀመጫ ላይ ስሟ የነበረበት ቦታ ሌላ ስም ተለጥፎበታል።

ወረቀቱን ሰጡኝ። የምንመርጠውን ሰው ስም በእርሳስ መጻፍ ነው። ማን እንደምጽፍ ከቤት አውቄ ነው የወጣሁት። ሺዮሪ ብዬ ጻፍኩ። ቀስ ብዬ፣ እሷ ለመምህሯ እንደምታደርገው መስመሩን አሳምሬ። አጥፌ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ተቆጣጣሪዎቹ ስለ ድካምዎ እናመሰግናለን ብለው እጅ ነሱኝ። እኔም እጅ ነሳሁ።

እንዲህ ያለ ወረቀት እንደማይቆጠር አውቃለሁ። ለዚያች ሴትዮ ከምሰጠው ግን ለልጄ ብሰጠው ይሻለኛል አልኩ። መንገድ ላይ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ሰባተኛ ወር፣ 11

ተሸነፈች። በጥቂት ነው ይላል ሬዲዮው።

ሰባተኛ ወር፣ 14

ዛሬም ዝናብ። ጋሽ ካማታ ከበራችን ጥላ ሥር ሊያርፍ ቆመ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሷል።

"የአንቺ ሰው ወደቀች አይደል" አለኝ።

የኔ ሰው አይደለችም አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "እንዴ? ያንን ሁሉ ስለ አንቺ ተናግራ? እኔ መኪናው ላይ አብረሽ ትቆሚያለሽ ብዬ ነበር። እንዲያውም ለአንዳንዱ ሰው ተናግሬያለሁ።"

ምን ተናግራ አልኩት።

ጋሽ ካማታ ጉልበቱ ካመመው ወዲህ ልጁ የገዛለት ስክሪን ላይ ቀኑን ሙሉ የምክር ቤቱን ስብሰባ ነው የሚያየው። የፈረስ እሽቅድምድም የሌለ ቀን ሌላ ምን አለ ይላል። የሰማሁ መስሎት ነበር። ጋዜጣው ያን ሰሞን ስለ ጎርፍ ብቻ ነው የጻፈው፤ እኔም ጋዜጣ የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሴናተሯ ሕጉን ደግፈው እንዲናገሩ ስማቸው ተጠራ። ወጥተው የወረቀቱን ግማሽ ያህል አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉት። ጋሽ ካማታ ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ ድምፁን እንደ እሳቸው ዝቅ ለማድረግ እየሞከረ ነገረኝ።

"'ጋዜጣ ላይ ያያችሁት እጅ መንሳት ምስጋና አይደለም። እዚህ አገር ሰው እጅ ሲነሳን ጀርባችን ራሱ ይታጠፋል፤ ልጃችን በሞተች ማግሥትም ይታጠፋል። የዚያችን እናት ጀርባ ለዚህ ሕግ ማስጌጫ አታድርጉት' አለች። ወንበሩ ሁሉ ጮኸ። ከወረቀትሽ አትውጪ፣ ሰዓት፣ ይሏታል። እሷ ምን ትላለች? 'አንቀጹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እናትየውን ራሷን ሳልጠይቅ ነው ያወጣሁት። ይህም ይመዝገብ' አለች። ከዚያ ሄዳ የተቃውሞውን ቁልፍ ተጫነች። ከፓርቲዋ ብቻዋን። በሳምንቱ ድጋፋቸውን አነሱባት፤ ፎቶው ላይ ስሙ እንደሌለ አላየሽም?"

አይቻለሁ አልኩት።

እናትየውን ራሷን ሳልጠይቅ። ሌላ ሰው ጠይቄ ነበር አላሉም። ስም አልጠሩም።

የሺዮሪ አባት ጓሮ ነበር። አትክልቱን ውኃ ያጠጣል። ዝናቡ እየወረደ፣ እሱ ማጠጫውን ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ያጠጣል።

ጋሽ ካማታ ሊሄድ ሲል፣ "እኔ አሁንም መንገዴ እንዲዘጋ አልፈልግም። እንዳትሳሳቺ" አለኝ። "ቀርከሃውን ግን ጠዋት አጭጄዋለሁ። የፈለጉትን ይቅጡኝ።"

ዝናቡ ሲያባራ ሄጄ አየሁት። ከሥሩ ነው ያጨደው። እስከ ሺዮሪ ቁመት ድረስ ዝቅ አልኩ። ኩርባው ይታያል፤ ከዚያም አልፎ የጣቢያው ጣሪያ ይታያል። የአንድ ሽማግሌ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ሰባተኛ ወር፣ 15

ቶኪዮ ደወልኩ። ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም ይላል። ቢሯቸውን አስረክበዋል።

ባገኛቸው ምን ልላቸው ነበር።

ስምንተኛ ወር፣ 13

የሙታን ቀን ነው፤ ነፍሳቸው ወደ ቤቱ ተመልሶ ይሄዳል ይባላል። ለሺዮሪ የመጀመሪያዋ። ቶሎ እንድትመጣ ከኪያር ፈረስ ሠራሁላት፤ ስትሄድ ቀስ እንድትል ከደበርጃን ላም። የላሟ እግር አልቆም ብሎኝ ሁለቴ ፈረሰ። የሺዮሪ አባት ነው ያቆመልኝ። ጣቶቻችን ተነካኩ። "ስልኩን ያነሳሁት..." ብሎ ጀመረ። አውቃለሁ አልኩት። ሌላ ደበርጃን ሊያመጣ ወጣ፤ አያስፈልግም ነበር።

ከቀትር በኋላ እሳቸው መጡ። ብቻቸውን። ሚናጋዋ ሌላ ሥራ ይዛለች። ኮታቸው ላይ ዓርማው የነበረበት ቦታ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ማቋረጫውን አይተውት ነው የመጡት፤ ጫማቸው ላይ የታጨደ ቀርከሃ ተጣብቋል። የእንጆሪ ወተት ይዘው ነበር። ሺዮሪ ፊት አስቀመጡት፣ እጃቸውን አጋጠሙ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ብዙ ቆዩ።

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። "አልቻልኩበትም፣ ወይዘሮ ሱጌኖ" አሉ። እጃቸውን ምንጣፉ ላይ ዘርግተው እጅ ነሱ።

ልነግራቸው የነበረው ብዙ ነው። ጋሽ ካማታ የነገረኝን። ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ እንዳየኋቸው። በጥቂት እንደወደቁ፣ ከዚያ ጥቂት አንዱ የኔ ሊሆን ይችል እንደነበር፣ እዚያ ወረቀት ላይ የማንን ስም እንደጻፍኩ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን፣ "አስቸገርንዎት" የሚለው ነው። ለፖሊሶቹ ያልኩትን ቃል።

የሺዮሪ አባት ከኋላዬ ተደፍቷል። እሳቸው ወጥተው የበሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቀና አላለም።

እኔም እጅ ነሳሁ። ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። ይህኛው የልቤ ነበር። ለሚያይ ሰው ግን ከዚያኛው አይለይም።